ወተቱ የት ሄደ?

ቼናይ፣ ህንድ
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ መርስዔ ኃዘን
ቀየት

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ በጎችዎ፣ ገብሱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ደርሰናል። ስልክ ለጆሮዎ እንደማይሆን ስለማውቅ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ለባለቤቴ ለእታገኝ ልኬላታለሁ፤ ሞላሌ ላይ አሳትማ ወደ ቀየት በሚመጣ መኪና ትሰድድልዎታለች። እርስዎም መልሱን በዚያው መንገድ ይላኩልኝ።

ነገሩ እንዳሰብነው ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ ማቆማቸውን እዚህም አረጋግጠዋል። ከእማዬ አንዱን ወስደው ለእኔ ሊተክሉልኝ ነው፤ እስከዚያ ደሜን በማሽን እያጠቡ ያቆዩኛል። አገር ቤት የሰማነውን ወሬ ያስታውሱታል መቼም፦ አንዱን ሊተክሉ ገብተው ሁለቱንም ያወጣሉ፣ የሞተ እንደሆነም ሬሳውን በእሳት ያቃጥላሉ ሲሉን ነበር። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝና በወሬ አልሄድም ብዬ፣ ግን እፈራለሁም ብዬ፣ በተቻለኝ ሁሉ ተጠንቅቄያለሁ። ሐኪም ቤቱን የመረጥኩት ደላላ ነግሮኝ ሳይሆን እዚሁ ታክመው የዳኑ ሰዎችን ጠይቄ ነው። ክፉ ቢገጥመን ሬሳችን አገሩ እንዲገባ በጽሑፍ አስፈርሜያለሁ። ትህትና የምትባል የኛው አገር ልጅ ታስተረጉምልናለች።

እማዬማ የራሷ ጥንቃቄ አላት። እኔ ዶክተሩን ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚድን ስጠይቅ፣ እሷ ትህትናን ጎተት አድርጋ፣ «እናቱ በሕይወት አለች ወይ በይልኝ» አለቻት። አለች፣ አብራኝ ነው የምትኖረው አለ። «በቃ፣ ይቅደደኝ» አለችና ጉዳዩን ዘጋችው።

ጸበሉንና በሶውን በሻንጣ አሳለፍነው። ቦሌ ላይ ያስቸገረችን የማር ብልቃጥ ናት። እማዬ ከጉያዋ አላወጣም ብላ ፈታሾቹን ስታሟግት ሰልፉ ቆመ። ትንሽ ስለሆነች ለቀቋት። ለምን እንደያዘችው ብጠይቃት «ለቁስል» አለችኝ።

ጸሎትዎ አይለየን።

የእህትዎ ልጅ
ቸሩ


ቀየት
ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለቸሩ

የእግዚአብሔር ሰላም ካንተና ከእናትህ ጋር ይሁን። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ብርድ በመጣ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፤ ሌላው ደኅና ነው። ደብዳቤህ በመንገድ መዘጋት ሰንብቶ ትናንት ደረሰኝ። በጎቹን ስለጠየቅህልኝ፣ አንዲቱ መንታ ወልዳለች፤ አባታቸው የጎረቤት በግ ስለሆነ ጎረቤቴ ድርሻ ይሰጠኝ ብሎ ሊከሰኝ ነው።

የዶክተሩን እናት መጠየቋ አሳቀኝ። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው የምትመዝንበት ሚዛን የራሷ ነው። የማሩን ነገርም አንብቤያለሁ። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእናትህ የጌታነሽ ኩላሊት ካንተ ጋር መስማማቱን የሚያዩት በምንድን ነው? በደም ዓይነት ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይመረምራሉ? ዕድሜ ልኩን ሳይንስ ያስተማረ ሰው ይህን ይጠይቃል ወይ አትበለኝ፤ ሳይንሱ ጥሎኝ ሄዷል። ደግሞስ የእታገኝ ወንድም ሙሉቀን እኔ እሰጣለሁ ብሎ አልነበረም? ጎልማሳ ነው፣ ድንጋይ ፈንቅሎ የሚያርስ ገበሬ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋትን ሴት ጎኗን ከመቅደድ እሱን ብታስቡት ምን ይላችኋል? ነገሩን አስቡበት፤ ቶሎም ጻፍልኝ።

ሰላማችሁ ይብዛ።

አጎትህ
መርስዔ ኃዘን


ቼናይ
ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? በጉ ላይ ክስ ከተመሠረተ ጠበቃዎ እኔ ነኝ፤ ድኜ ልምጣ ብቻ።

የሙሉቀንን ነገር አንሥተዋል። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ግን አይሆንም። የሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው ሲመጣ እዚህ ያለው ኮሚቴ «ኩላሊቱን ሸጦ ይሆናል» ብሎ ይጠረጥራል። እናት ስትሆን ግን ማንም ምንም አይልም። ለጠየቁኝም፣ የሚመረምሩት የደም ዓይነት ብቻ አይደለም፤ እናትና ልጅ መሆናችንን ከደማችን ውስጥ ያዩታል። የሁለታችንንም ደም ትናንት ወስደዋል። ከአገር ቤትም የዝምድና ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። ከቀበሌው አስጽፈው፣ ከምስክሮቹ አንዱ ራስዎ ሆነው ይላኩልን።

እማዬን ቢያዩዋት! ለምርመራ ማተብሽን ፍቺ ቢሏት «አንገቴን ቁረጡት» አለች። በኋላ ብረት የሌለው ክር መሆኑን አይተው ተዉላት። ሥጋ አንበላም፤ ማን እንዳረደው አናውቅማ። ትናንት ደግሞ ከነርሷ እስክሪብቶ ተቀብላ ግራ ጎኗ ላይ መስቀል ሣለችና «ከዚህኛው ብቻ! ያኛውን የነካ እግዜር ይይለት!» አለች። ነርሷ ምን እንደተባለች ሳታውቅ ራሷን ነቀነቀች። እኔም በበኩሌ ክኒን ከመዋጤ በፊት ስሜን ከወረቀቱ ላይ አነባለሁ። የአንዱ በሽተኛ መድኃኒት ከሌላው ጋር ተለዋወጠ ሲባል ሰምቻለሁና።

እርስዎ ግን ምን ሆነዋል? ጽሑፍዎ እንደ ወትሮው አይደለም። ስለ እኛ አይስጉ።

የእህትዎ ልጅ
ቸሩ


ቀየት
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቸሩ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ማረጋገጫውን ልኬልሃለሁ። ፈርሜያለሁ።

ደሙን ወስደዋል አልኸኝ። ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት እናትህ ለብቻዋ ብታነጋግረኝ እወድ ነበር። ትህትና የምትባለዋ ልጅ ትጻፍላት። አንተ አጠገባቸው አትሁን።

መርስዔ ኃዘን


ቼናይ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ ሦስታችንንም፣ እማዬን፣ እኔንና ትህትናን፣ አስጠራን። ውጤቱን አየት አደረገና ረጅም ነገር ተናገረ። ትህትና ሥራዋ የሰማችውን መናገር ነው፤ እስከ ዛሬም ክፉውንም ደጉንም ሳትደብቅ ነው የነገረችን። ዛሬ ግን አፏን ከፍታ ቀረች። «ምን አለ?» አልኳት። «ጋሽ ቸሩ፣ ይቅርታ… እኚህ እናት የወለዱህ አይደሉም ነው የሚለው» አለችኝ።

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። ደም ተለዋውጧል፣ ድገሙት አልኳቸው። ደግመውታል ጋሼ። ሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። የደም ዓይነቷ ይሆነኛል፤ ልጇ ግን አይደለሁም። ዶክተሩ አስከትሎ፣ ኩላሊት በገንዘብ የገዛሁ እንደሆነ ንገረኝ አለኝ። ይህንንም ትህትና አንገቷን ደፍታ ተረጎመችልኝ።

እማዬ ትቆጣለች ብዬ ወደሷ ዞርኩ። «እማዬ፣ ተሳስታችኋል በያቸው እንጂ» አልኳት። ነጠላዋን ጨብጣ ዶክተሩን አተኩራ አየችውና፣ «ወተቱስ?» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጡቴን ጠብቷል። ወተቱ የት ሄደ በይው።»

ትህትና ይህን አልተረጎመችውም። እኔም ከዚያ በኋላ ማንም የተናገረውን አልሰማሁም። ክፍላችን ገብተን ብለምናት፣ ብቆጣት፣ እግሯ ላይ ብወድቅ፣ ያወጣችው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ግዝት አለብኝ። አጎትህን ጠይቀው።»

ይኸው ጠየቅኩዎ። ቢላውን ፈርቼ ነበር፣ ሌባውን ፈርቼ ነበር፣ እሳቱን ፈርቼ ነበር። ለሁሉም መላ አበጅቼ መጥቻለሁ። እማዬን ግን ልፈራት እንደሚገባ ማንም አልነገረኝም። የማን ልጅ ነኝ? ያ ግንባር ላይ የሞተው ወታደር፣ ፎቶውን ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ሰውዬ፣ አባቴ አይደለም ማለት ነው? እርስዎስ ምኔ ነዎት?

ቸሩ


ቼናይ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

መልስዎ አልመጣም። እታገኝ ቀየት ድረስ ሄዳ በርዎ ተዘግቶ አገኘችው። ጎረቤትዎ ወደ ራቤል ሄዱ አሏት። በዚህ ብርድና በዚህ መንገድ፣ በዚያ ጉልበት፣ ራቤል ምን ሊሠሩ ሄዱ?

ኮሚቴው ማስረጃ እስክናመጣ ሁሉንም ነገር አቁሞታል። ደሜን በማሽን ማጠቡ አልቀረም፤ ግን ሰውነቴ እየደከመ ነው። ከሴትየዋ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠናል። ይህን «ሴትየዋ» የሚለውን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ነው ያየሁት። ደነገጥኩ፤ ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። እሷ ዛሬም በሶዬን በጥብጣ ታቀርብልኛለች፤ እኔ እቀበላለሁ፤ አንነጋገርም።

ስለ እግዚአብሔር ይጻፉልኝ።

ቸሩ


ራቤል
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቸሩ

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልህ። በዝምታዬ እንደተቀየምኸኝ አውቃለሁ። እኔም ግዝት ነበረብኝ። የገዘቱን ቄስ ወሰኔ ናቸው፤ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነገር ግን ግዝት ከገዘተው ሰው ጋር አይቀበርም። አንተ እዚያ ቢላዋ ስትፈራ እኔ እዚህ ቃል ፈርቼ ነበር። ሳልፈታ ብነግርህ ክፉው አንተው ላይ፣ የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ፣ ይደርሳል ብዬ ሰጋሁ። ሳይንስ አስተማሪ እንዲህ ይላል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይላል። ስለዚህ ቄስ ወሰኔ ያገለገሉበት ደብር ድረስ መጣሁ። እዚህ ያሉት መነኩሴ ጉልበቴን አይተውም ሳይራሩ አሰገዱኝና ፈቱኝ። እናትህንም በሌለችበት ፈተዋታል፤ ንገራት።

በ1977 ዓ.ም. እዚህ ራቤል አዲስ መምህር ነበርሁ። እህቴ ጌታነሽም እዚሁ ተድራ ነበር። ባሏ ያ ፎቶውን የሰቀልኸው ወታደር ነው፤ ግንባር ሄዶ መርዶው መጣ። ወንድ ልጅ ወልዳለት ነበር። ኩፍኝ ገባና ሕፃኑን ወሰደው። የዚያን ሰሞን እህል ፍለጋ ከታች የሚወጣው ሰው መንገድ ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሞታ ተገኘች። ሕፃን ደረቷ ላይ ነበር፤ እሱ አልሞተም። ያ ሕፃን አንተ ነህ።

ቄስ ወሰኔ አቅፈውህ ወደ እህቴ ቤት መጡ። ጡቷ በወተት አብጦ በትኩሳት ትቃትት ነበር። የጡት ልጅ ማድረግ ያገሩ ሥርዓት ነው፦ አውራ ጣቷን ማር ቀብታ አፍህ ውስጥ አደረገችው፤ ላስህላት፤ ከዚያ ጡቷን ያዝህ። ማሩን ይዤላት የቆምሁት እኔ ነኝ። ቄሱም መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ልጅ ከዚህች ሴት ማሕፀን አልወጣም ያለ ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን» አሉ። ወደ ቀየት ይዣችሁ ስመለስ የሞተውን ሕፃን አይቶ የሚያውቅ ዘመድ ስላልነበረ ማንም አልጠየቀንም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ይህን መጻፍ ከሁሉ ከበደኝ። ቸሩ የሞተው ልጇ ስም ነው። ላንተ ያደረገችው ስሙ ወድቆ እንዳይቀር ብላ ነው።

የወለደችህን ሴት ስሟን አናውቅም። ቄስ ወሰኔ ቀብረዋታል። ዛሬ ቦታውን አሳዩኝ፤ ጥድ በቅሎበታል።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ከመሄዳችሁ በፊት ለጌታነሽ፣ «ደም እኮ ይመረምራሉ» ብያት ነበር። እንደ ሞኝ ተመለከተችኝ። «ጡቴን የጠባ ልጅ የኔ ደም ካልሆነ የማን ደም ሊሆን ነው?» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ለእህቴ ልነግራት አፌ አልሄደልኝም። ምናልባት እኔው ተሳስቼ ይሆናል ብዬም ተመኘሁ። ማሩንም የወሰደችው ለቁስል አይደለም፤ ሐኪሞቹ ቢጠራጠሩ ሥርዓቱን እንደገና ልታሳያቸው ነው።

የፈረምሁላችሁን ወረቀት ሐሰት ነው ቢሉ እኔን ይክሰሱ፤ የበጉም ክስ አለብኝ። አሁን መነኩሴውና ያዩ የራቤል ሽማግሌዎች የጡት ልጅ መሆንህን መስክረው ጽፈዋል። አብሬ ልኬዋለሁ፤ አስተርጉመህ ለኮሚቴው ስጥ።

ምንህ እንደሆንሁ ጠይቀኸኛል። ማሩን የያዝሁልህ ነኝ።

አጎትህ
መርስዔ ኃዘን


ቼናይ
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ ለጋሼ መርስዔ ኃዘን

ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። ሁለታችንም በሕይወት አለን። በዚህ ልጀምር፣ ሌላውን ሲያነቡ እንዳይጨነቁ።

ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት። «ተፈታሁ ማለት ነው?» አለችና ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ግን ተነሥቼ፣ ኩላሊትሽን አልወስድም አልኳት። የወለድሽው ልጅ ቢሆን እሺ፤ ለእኔ ብለሽ በስተርጅና ጎንሽን አትቀደጅም፣ ብትሞቺብኝስ፣ አገርሽ ግቢ አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እህል አልቀምስም አለች። ወደ ማምሻው ላይ፣ ሳትዞር፣ «በአንድ ስም ሁለት ልጅ አልቀብርም» አለችኝ። እሺ አልኳትና በሶ በጥብጬ አቀረብኩላት።

ኮሚቴው ፊት ሽማግሌዎቹ የጻፉት ተነበበ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀመንበሯ ሽበታም ሴት ናት፤ «ምን ሰጥቶሽ ነው ኩላሊትሽን የምትሰጪው?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ፣ «ጡቴ አብጦ ልሞት ስል መጥቶ ጠባልኝ። ያን ቀን እሱ ባይመጣ እኔም ልጄን ተከትዬ ሄጄ ነበር። ባለ ዕዳዋ እኔ ነኝ» አለቻት። ትህትና ይህን እያለቀሰች ተረጎመችው። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ፈቀዱልን።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ብልቃጧን ከፈተች። አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ወደ አፌ አመጣችው። አርባ ዓመት አልፎኛል፣ ተማሪዎቼ ልጆች ወልደዋል፤ አፈርኩና ወደ ነርሷ አየሁ። «አፍህን ክፈት» አለችኝ። ከፈትኩ። ስጨርስ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ትህትና ዞራ፣ «በይ፣ አሁን ደግመው ይመርምሩ» አለቻት። ነርሷ ግራ ገብቷት ትስቅ ነበር።

ኩላሊቷ ሥራ ጀምሯል። ዶክተሩ ሰውነቴ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊገፋው ስለሚችል ዕድሜ ልኬን ክኒን መዋጥ እንዳለብኝ ነገረኝ። እማዬ ይህን ሰምታ፣ «እኔንም መጀመሪያ ቀን ባዕድ አድርጎኝ አልቅሷል፤ በኋላ ለመደኝ» አለች።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ለዚያች ከጥዱ ሥር ላለችው ሴት ፍትሐት ያስደርጉልኝ። ስም ከሌላት ካህናቱ በማን ስም እንደሚጸልዩ ጨንቆኝ ስብሰለሰል እማዬ ከአልጋዋ ሰማችኝ። በእኔ ይሁን፣ በክርስትና ስሜ ወለተኪዳን ተብላ ትጠራ አለችኝ። ደነገጥኩ። ገና ቁስሏ ሳይጠግግ፣ ቆማ ሳትሄድ፣ በሰው አገር ተኝታ በስሟ ፍትሐት ሲደረግ! ሟርት ነው፣ አይሆንም አልኳት። ማተቧን አልፈታም ያለች፣ ጎኗ ላይ መስቀል የሣለች፣ ሥጋውን የጠረጠረች ሴት ይህን አልፈራችም።

«ስሜን ስጧት» አለችኝ። «እሷ ልጇን ሰጥታኛለች።»

የእህትዎ ልጅ
ቸሩ